ለሁሉም «እሺ» የሚሉት ፎቶ አንሺ

እንደ ፎቶ አንሺው አባባል፣ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ነው የታመመው። እንደ ባለቤታቸው አባባል ግን፣ ቫይረሱን «ግባ» ብለው ያስገቡት ራሳቸው ናቸው። ኮምፒውተር የተማረው የእህታቸው ልጅ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ብቅ ሲል፣ የሁለቱ ክርክር ጦፎ ነበር።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ያለፈው ሳምንት የሠርግ ፎቶዎች አልከፈት ብለዋል። የሙሽራዋ አባት ከሠርጉ በኋላ በድንገት አርፈዋል፤ ልጅቱ የአባቷን የመጨረሻ ምስል ልትወስድ ነገ ትመጣለች።

«ጋሼ፣ ከመበላሸቱ በፊት ምን ከፈቱ?»

«ምንም! ‹ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው፤ እሺ ይበሉ› የሚል መልእክት መጣ። እሺ አልኩ።»

«ላኪውን ያውቁታል?»

«ባላውቀውስ? በትሕትና የጠየቀ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል?»

«ለእኔ ሲሆን ግን እምቢ ማለት ያውቅበታል!» አሉ ባለቤታቸው።

ወጣቱ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «የስቱዲዮውን ቁልፍ መንገደኛ ቢጠይቅዎ ይሰጣሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ!»

«‹እሺ› ሲሉ የሰጡት እሱን ነው። ጸረ ቫይረሱ ‹አድሰኝ› ሲልዎትስ?»

«‹በኋላ› እለዋለሁ። ሥራ ያስፈታኛላ!»

«ለማያውቁት እሺ፣ ለዘበኛዎ በኋላ?»

ከእልከኝነት ይልቅ ኀፍረት በፎቶ አንሺው ፊት ላይ ታየ። «ለልጅቱ ምን እላታለሁ?» አሉ ቀስ ብለው።

«የካሜራው ካርድ የት አለ?»

«መሳቢያ ውስጥ። ፎቶዎቹን ከላዩ ላጠፋ አስቤ ሰነፍኩ።»

«እሰይ ስንፍና!» አሉ ባለቤታቸው።

ፎቶ አንሺው ካርዱን አምጥተው ኮምፒውተሩ ላይ ሊሰኩት ሲሉ ወጣቱ እጃቸውን ያዘ። «ተዉ ጋሼ! ይህኛው ሳይጸዳ ካርዱንም ይበክለዋል።» ከቦርሳው የራሱን ላፕቶፕ አውጥቶ ካርዱን ሰካበት። የሙሽራዋ አባት የልጃቸውን ክንድ ይዘው፣ እየሳቁ ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ።

«ዛሬ ስንፍና አተረፈን» አለ ወጣቱ፤ «ሁልጊዜ ግን አያተርፍም። ጸረ ቫይረሱን ያድሱ፤ የማያውቁት መልእክት ‹እሺ ይበሉ› ቢልዎት ይዝጉት። የሥራዎን ቅጂ ደግሞ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ያኑሩ። ያኔ ቫይረስ ቢገባ እንኳ የሰው አደራ አይጠፋም፤ እርስዎም እንቅልፍዎን ይተኛሉ።»

ፎቶ አንሺው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስሚኝማ! ከእንግዲህ ከሠርግ ስመለስ፣ ቅጂ ሳላወጣ እራት እንዳታቀርቢልኝ!» አሉ።