ቀሚስ ላይ የተጠለፈ ስልክ ቁጥር

ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በዓረብ አገር ከጅዴይዴ ሰፈር ወደ ሐምራ ሰፈር በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ አጠገቤ ሁለት የአገሬ ልጆች ነበሩ።

«የማዳሜ ስልክ ከተበላሸ ወር ሆነው። እናቴ ይሄኔ ‹ልጄ ሞታለች› ብላ ተቀምጣለች» አለች አንደኛዋ።

«ያላ፣ ተነሺ፣ ስልክ ቤት ገብተሽ ደውያ!»

«ለክፉ ቀን ብዬ የጎረቤታችንን ቁጥር ቀሚሴ ጠርዝ ላይ ጠልፌ ነው የመጣሁት። አሠሪ እንዳያነበው ዲያቆኑ ወንድሜ በግዕዝ ጻፈልኝ። ይኸው፣ እይው።»

«አንድ፣ አምስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት። እቱ፣ አምስት አኃዝ ብቻ ነው!»

«ስድስት ነበር። አንዱ ዜሮ ነው።»

«ግዕዝ ዜሮ የለውማ! የት ጋ ነበር?»

«መሃል መሰለኝ… ወይስ መጨረሻ?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ዜሮውን በየቦታው እያስገባን እንሞክራለን።»

«ባዳ ሰው ቢያነሳስ?»

«ደህና ነኝ በይዋ! አዲስ አበባ አይደል፣ ለእናትሽ ይደርሳታል።»

እኔም የሰፈራችንን ስልክ ቁጥር በልቤ መድገም ጀምሬ አራተኛው አኃዝ ላይ ጠፋኝ።