ጋሼን የጣላቸው ወለል

በሰፈራችን «ፕሮፌሰሯ» እባላለሁ። ለሹፈት ያወጡልኝ ስም ነው፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብዬዋለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ አስተማሪዬም ተማሪዬም ራሴ ነኝ፤ የዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ አልጥልም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን እትዬን ሁለት ባልዲ ውሃ አንጠልጥለው በራቸው ላይ ሳገኛቸው፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

«እንደምን አደሩ እትዬ? ልብስ ሊያጥቡ ነው?»

«የምን ልብስ! ሳሎኔን ነው እንጂ። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠበው፤ ነገ ሠራተኞች መጥተው ጣውላውን ነቅለው ሴራሚክ ያነጥፉልኛል። ተገላገልኩ!»

«ጣውላው ምን አደረገዎት?»

«ባሌን ጣለብኛ!» ባልዲዎቹን ዱብ አደረጓቸው። «ሁለቴ አዳልጦት ወደቀ። አሁን ሳሎን ግባ ስለው አሻፈረኝ ብሎ ቁርሱንም እራቱንም ማድ ቤት በርጩማ ላይ ነው የሚበላው። እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ፤ እንደ ተፋታ ሰው!»

ባላቸው ጋሼ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ከማድ ቤት ድምፃቸው መጣ፦ «አልተፋታንም! መንገዱ ተበላሽቶ ነው!»

ተከትያቸው ገባሁ። ወለሉ ላዩ እንደ መስታወት ያበራል፤ የጣውላዎቹ ጠርዝ ግን ቀና ቀና ብሏል፣ መጋጠሚያው ጠቁሯል።

«እስቲ እንዴት እንደሚያጥቡት ይንገሩኝ።»

«እንደ ሰው ነዋ! በረኪና ያለበትን ውሃ እደፋበታለሁ፣ በብሩሽ እፈገፍገዋለሁ፣ በሌላው ባልዲ አለቀልቀዋለሁ። ከዚያ ሳይደርቅ ሰም እቀባዋለሁ።»

«ሳይደርቅ?»

«እርጥብ ሲሆን ይስባላ!»

«አሮጌውን ሰምስ ያነሱታል?»

«ገዝቼ የቀባሁትን ለምን ብዬ አነሳዋለሁ?»

ጎንበስ ብዬ በማንኪያ እጀታ ፋቅ ሳደርገው ግራጫ ቅርፊት እየተጠቀለለ ተነሳ። «ይኸው! የዓመታት ሰም ተደራርቦ። ጋሼን የጣላቸው ጣውላው አይደለም፤ እርስዎ ነዎት።»

እትዬ ፊታቸው ተለዋወጠ። ማድ ቤት ግን ሳቅ ፈነዳ፦ «እሰይ! ተጠርጣሪዋ ተያዘች!»

«ዝም በል አንተ! ስሚ አንቺ ልጅ፣ እኔ በንጽሕና የምታማ ሴት አይደለሁም። ያደግኩት በየሳምንቱ በውሃ በሚታጠብ ቤት ነው።»

«የእናትዎ ቤት ወለሉ ምን ነበር?»

«ሲሚንቶ...»

«ሲሚንቶ ውሃ ይችላል፤ እንጨት ግን ይጠጣዋል። ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የሱፍ ኮት በፈላ ውሃ ያጥባሉ?»

«አበድሽ? ተኮማትሮ የሕፃን ሊሆን!»

«ለሱፍ ያዘኑትን ለጣውላም ይዘኑለታ። ሴራሚኩንም ቢሆን በዚሁ ባልዲ አጥበው ሰም ከለቀለቁት፣ ጋሼን ዳግመኛ ይጥላቸዋል። ያውም ድንጋይ ላይ!»

ይህቺ ነገር ገባቻቸው። ባላቸው ወዳሉበት ዞር ብለው አዩና «ከማድ ቤቱ በር እስከ ወንበሩ ድረስ ሞክሪና አሳዪኝ። ካልሆነ ነገ ይነቀላል» አሉኝ።

መስኮቱን ከፈትን፤ እሳትም አራቅን። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ማቅጠኛ በጨርቅ እያስነካን፣ የእንጨቱን መስመር ተከትለን አሮጌውን ሰም አነሳን። ከዚያ መወልወያዬን አመጣሁ።

«ይሄ ወለል ሊወለውል ነው ወይስ የሸረሪት ድር ሊያወርድ?» ብለው ሳቁብኝና አሮጌ የጥጥ አንሶላ ቦጨቁ። ጨርቁን ነክረው አንዲት ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጨመቁት፤ የልብስ ሰፊ እጅ ነውና! ወለሉን ወልውለውም ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አደረቁት። ከእኔ መወልወያ መብለጡን አይቻለሁ፤ ጮክ ብዬ ግን አልተናገርኩም።

ከሰዓት በኋላ ወለሉ ደርቆ የጣውላው ቀይ መልክ ብቅ አለ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አንድ እግራቸውን ዘረጉ፤ ረገጥ፣ ረገጥ አደረጉት።

«ፍሬን ይይዛል!» አሉና ግድግዳ ሳይደግፉ ተራምደው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ጋሼ ሲቀመጡ እትዬ በእጃቸው የያዙትን ጨርቅ ወደ ጣሪያ ወርውረው እልል አሉ!

ሠራተኞቹ በማግሥቱ መዶሻና መንቀያ ይዘው መጡ። እትዬ በር ላይ አስቆሟቸው።

«ጫማችሁን አራግፉ! አሸዋ ጣውላ ይቧጥጣል። የሚነቀል የለም፤ የላሉትን ሁለት ጣውላዎች መትታችሁልኝ ትሄዳላችሁ።»

«ሐሳብዎን ቀየሩ እንዴ?»

«ቀየርኩ! መጀመሪያ በለስላሳ መጥረጊያ አቧራውን ማንሳት፤ ቀጥሎ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ መወልወል፤ ወዲያው ማድረቅ። ሰም ካሻ አሮጌው ተነስቶ፣ ወለሉ ደርቆ፣ በስሱ፤ ከዚያ ጨርቁ እስኪንሸራተት ሳይሆን እግር እስኪይዝ ማሸት። ውሃ በባልዲ ማመላለስ ቀረ፣ ወገቤ አረፈ፣ ጣውላው የልጅ ልጆቼን ያያል። ገባችሁ?»

ቃል በቃል ትናንት ስንሠራ የነገርኳቸው የእኔ ትምህርት ነው፤ ስሜን ግን አልጠሩም። ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ከወንበራቸው ጠቀሱኝ።

«ተያት ልጄ፣ ታስተምር» አሉ በሹክሹክታ። «እሷ ስታስተምር እኔ እበላለሁ፤ ያውም ሳሎን!» ብለው የእትዬን ቁርስ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።