ወደ በሩ የዞረው መስታወት

ጡረታ የወጣ መምህር ሥራው መዞርና በሰው ነገር ጥልቅ ማለት ነው፤ እኔም ከዚህ የተለየሁ ነኝ አልልም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የራስ ምታት ክኒን ገዝቼ ስመለስ፣ ሱሪዎቼን ሃያ ዓመት የሰፋልኝ ልብስ ሰፊ ወዳጄን ከስልክ እንጨት ጀርባ ተለጥፎ አገኘሁት። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። ሰላም ስለው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በአገጩ ወደ ፊት አመለከተኝ። ከፊታችን ጎረቤቱ ይሄድ ነበር።

ይህ ጎረቤት ሙያውን ከእሱ ተምሮ፣ ፊት ለፊቱ የራሱን ሱቅ የከፈተ ወጣት ነው። ከከፈተ ወዲህ ወዳጄ ሰላም የለውም። ደንበኞች ልብስ የሚለኩበትን ትልቅ መስታወት ወደ በሩ አዞረውና፣ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ የወጣቱን ደጃፍ ያይበታል። ማን ገባ? ምን ይዞ ወጣ? ምሳ ልብላ ቢል የሚገባው ሰው ያመልጠኛል ብሎ ይተወዋል፤ ቀኑን በሻይ ይገፋዋል፣ ሲተኛ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ የድሮ ጓደኞቹንም ካያቸው ቆየ። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ነው በሁለት ሳምንት ውስጥ የምትዳረውን አንዲት ልጁን ቬሎ ሲቆርጥ ሁለቱንም እጅጌ ለቀኝ እጅ የቆረጠው። ጨርቁ አልቋል፤ አክስቷ ከሩቅ የላከችው ስለሆነ አምሳያው እዚህ አይገኝም። በማግስቱ ልጅቱ ጎረቤቱ ሱቅ ስትገባ በመስታወቱ አያት።

«በየቀኑ በዚህ ሰዓት ዘግቶ ይወጣል» አለኝ እየተከተልነው። «የእኔን ደንበኞች በየቤታቸው እየዞረ ነው የሚለካቸው። ዛሬ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ። ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ፣ መምህር። ልጄንም ወሰደብኝ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ወጣቱ ሁለት መንገድ ዞሮ ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ካለችው አትክልት ቦታ ገባ። አንድ ፀጉር አስተካካይና አንድ ጫማ ሰፊ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቁታል። ምሳ ዕቃውን ከፈተ፣ በላ፣ ሳቁ። ከዚያ እግሩን ዘርግቶ ዓይኑን ከደነ።

«ይኸው ነው?» አለ ወዳጄ፣ እንደተታለለ ሰው።

አልፈረድኩበትም። ቅናት የያዘው ሰው የጎረቤቱን ክፋት ሲያጣ የሚያዝን ፍጥረት ነው። እኔ ራሴ የቀድሞ ባልደረባዬ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ደረጃ ስወጣ ይደክመኛል።

ወጣቱ ዓይኑን ሲገልጥ እኛን አየና ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀልን። ወዳጄ ግን አልተቀመጠም።

«ሥራ ተከምሮ እንዴት ይተኛል? እኔ በአንተ ዕድሜ ከወንበሬ አልነሣም ነበር።»

«እኔም አልነሣም ነበር ጋሼ። ሱቁን የከፈትኩ ሰሞን ሳልበላ ሳልተኛ እሰፋ ነበር፤ በእርስዎ ቀንቼ። እርስዎ የሰፉት ኮት ትከሻው እንዴት እንደሚቀመጥ ሳይ አንጀቴ ያርር ነበር። በመጨረሻ ልቤ ያለ ምክንያት በኃይል ይመታ ጀመርና ሐኪም ቤት ሄድኩ።»

ሐኪሟ መድኃኒት ታዛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ በቀኑ ውስጥ ከማን ጋር እንደሳቀ ጠየቀችው። ተናደደ። እሷም ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ ከወንበርህ ተነሥ፣ ካልተሻለህ ተመለስ፣ መድኃኒቱም አለ፣ ማፈሪያም አይደለም አለችው።

«የእኔ ችግር አንተ ነህ እንጂ ምሳ አይደለም» አለ ወዳጄ።

«ይሁን፣ እኔ ነኝ እንበል። ግን ጋሼ፣ ተኝተው ባደሩበት ቀንና ሳይተኙ ባደሩበት ቀን እኩል እከብድዎታለሁ?»

ወዳጄ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በእጁ ጠቀለለ። «ልጄስ አንተ ዘንድ ምን ልትል መጣች?» አለ፤ ድምፁ ወርዶ ነበር።

«ቬሎውን ስፋልኝ ልትለኝ አይደለም። አባቴን ምሳ እንዲበላ ምከርልኝ ልትለኝ ነው። እጅጌ ባይኖረውም እሱ የሰፋውን ነው የምለብሰው አለች።»

ያን ጊዜ ተቀመጠ። ከምሳ ዕቃው የቀረበለትንም በላ።

በአንድ ቀን ተለወጠ ብል ዋሾ ነኝ። በማግስቱ «ሽማግሌ ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ያስቃል» ብሎ እምቢ አለ፤ ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሻይ መጠጣት ተወ። ልጁ ማታ ማታ በጊዜ እንዲተኛ መቀሱን ደበቀችበት። በስምንተኛው ቀን አትክልት ቦታዋን ስንዞር ድንገት ቆመና ግንባሩን መታ።

«ከቬሎው ኋላ የሚጎተተው ጨርቅ! ከእሱ አንድ እጅጌ ይወጣል እኮ!»

ጨርቁ ዕለት ዕለት ዓይኑ ሥር ተሰቅሎ ነበር። ሙያውም ከእጁ አልጠፋም፤ የደከመ ጭንቅላት ግን መውጫው እያለ አያየውም። እንቅልፍ፣ ትኩስ ምሳ፣ ጥቂት እርምጃና የሚያስቅ ጓደኛ ቅናትን ነቅለው አልጣሉለትም፤ አሁንም አልፎ አልፎ አንገቱ ወደዚያ በር ይዞራል። ብቻ ቀኑን አይበላበትም።

ልጅቱ ልብሱን ልትለካ የመጣች ዕለት መስታወቱን ተሸክመን ወደ ቦታው መለስነው። ጎረቤቱም ተጠርቶ የቬሎውን ትከሻ አየ፤ እንከን አላገኘም። እሷ መስታወቱ ፊት ቆመች፣ አባቷ ከኋላዋ። ያ በር አይታይም። ለብዙ ወራት በዚያ መስታወት ያላየውን የራሱን ፊት አየ።

«ከስቻለሁ አይደል?» አላት።

«ከስተሃል፣ አባዬ።»

ሰዓቱን ተመለከተና ወደ ወጣቱ ዞረ። «በል ሱቅህን ዝጋ» አለው። «ምሳ ሰዓት ደርሷል።»

እኔም የራስ ምታት ክኒኔን ሳልውጥ ኪሴ ከትቼ ተከተልኳቸው።