ሰባት ቤት የሚቆጥረው ወንድሜ

ስሙኝማ፣ የወንድሜ ልጅ ብርቱካን ታጨችና ሰፈራችንን ዶራን በእልልታ አናወጥኩት! እኛ ዘንድ ግን ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዘመድ አለመሆናቸው ካልታወቀ ጋብቻ የለም። የሁለቱንም ወገን ዘር የሚያውቅ ደግሞ አባቷ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም መርሳት ጀምሯል። እሱን ለሐኪም አሳይተን ከሮፌው ስንመለስ ልጅቷ ዩኒቨርሲታ የተማረችውን ነገረችኝ። «እታታ፣ ነርቫችን ውስጥ ቀጭን ሐዲድ አለ። ምግቡም መልእክቱም በዚያ ላይ ተጭኖ እስከ ቅርንጫፎቹ ጫፍ ይደርሳል። ሐዲዱን አጥብቆ የሚይዘው አንድ ፕሮቲን ነው። የአባባ ፕሮቲን ሐዲዱን እየለቀቀ እርስ በርሱ ተቋጠረ። ስንቅ ያልደረሰው ቅርንጫፍ ደግሞ ይደርቃል።» «ሐዲድ ከፈረሰ ይጠገናላ!» አልኳት። «ይኼ አይጠገንም፤ መድኃኒትም የለውም» አለች።

እኔ መች እሰማለሁ! ያጫትን ልጅ ሽማግሌዎች ጠራሁ፤ ወንድሜን አዲስ ጋቢ አልብሼ ከመካከል አስቀመጥኩትና «በል ቁጠር፣ ወንድም ጋሼ!» አልኩት። የልጁን አባት ስም ጠራ፤ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ጠራ። «አላልኳችሁም!» ብዬ አጨበጨብኩ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆጠራውን ተወው። ወደ ብርቱካን ዞረና በትሕትና «የኔ እመቤት፣ አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?» አላት። «ያንተ ነኝ፣ አባባ። እኔን ልትድር ነው የተቀመጥከው» አለችው። ወንድሜ ተቆጣ። «የኔ ልጅ ገና ጡት አልጣለችም! ለማንም አልሰጥም!» አለ። አባት እንዲህ ካለ ሽማግሌ ምን ይናገራል? አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ። እሷ ሐዲዱን ታውቀው የለ፣ አላለቀሰችም፤ ከትከሻው የወረደውን ጋቢ መልሳ አለበሰችው። እሱም «እግዜር ይስጥሽ፣ የሰው ልጅ» አላት።