ሁለተኛው ስም ሳይነበብ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ አግነስ ኒያሜይ ፖማት
ዕድሜ፦ 41 ዓመት
አድራሻ፦ ማኑስ ደሴት፣ ካሊናዎ መንደር
ሥራ፦ በእናቶችና ጨቅላ ሕፃናት ጤና ጥናት የመንደር መረጃ ሰብሳቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ጁን 27 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ዊሊ ኩማይ
ጉዳዩ፦ በነርስ ሊዲያ ኩራ ላይ የቀረበ የቸልተኝነት አቤቱታ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ሜይ 22 ቀን ለጥናቱ አጣሪዎች የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ እንዲሻርልኝ እጠይቃለሁ። ነርስ ሊዲያ በወንድሜ ሚስት ሞት ጥፋት የለባትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ለጥናቱ ስሠራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በካሊናዎና ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባለው በሃሙኪ መንደር ያሉትን ነፍሰ ጡሮች በየሳምንቱ እየዞርኩ ግፊታቸውን እለካለሁ፣ ሽንታቸውን እመረምራለሁ፣ በደብተር እጽፋለሁ። መለኪያው አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ መብራት ያበራል። ቀይ ከበራ ወዲያውኑ ለጤና ጣቢያዋ ነርስ ደውዬ የሴትዮዋን ስምና የጥናት ቁጥር እናገራለሁ፤ ነርሷም የጥናቱን ጀልባ ትልካለች። ጀልባዋ አንድ ናት። ይህንን ደንብ ለሌሎቹ መረጃ ሰብሳቢዎች ያስተማርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ሳጅኑ የደሴቱ ሳይሆን የተራራው አገር ሰው በመሆናቸው የስም ልማዳችንን እንዳብራራ ጠይቀውኛል። በእኛ ዘንድ የአማት፣ የምራትና የወንድም ሚስት ስም አይጠራም። በተለይ ዘመዶቿ ባሉበት ከተጠራ ቤተሰቡን ሁሉ ማዋረድ ነው። ሌላ ሰው በእኔ ምክንያት ቢጠራውም ነውሩ የእኔ ነው። የወንድሜን የፖካናስን ሚስት አሥራ አንድ ዓመት ሳውቃት ስሟን ጠርቼ አላውቅም፤ በደብተሬም የምጽፈው የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ነበር። የቀድሞዋ ነርስ የዚሁ አገር ልጅ ስለነበረች «ያቺኛዋ» ስላት ይገባት ነበር። ነርስ ሊዲያ ግን ከተራራው አገር ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር። አስቀድሜ ልነግራት ይገባ ነበር። ያልነገርኳት ኋላ ቀር የመንደር ሴት ናት እንዳትለኝ አፍሬ ነው።

ማክሰኞ ሜይ 14 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ወንድሜ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ነበር። ሚስቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እግሯ አብጧል፣ ከቀደመው ቀን ጀምሮ ራሷን ይወቅራት እንደነበር ነገረችኝ። ስለካት 170 በ115 ሆነና ቀይ በራ። ደግሜ ብለካትም ያው ነው። እሷ ሳቀች። «አየሽው ሲቀላ! ይሄ መሣሪያሽ እኔን ሲያይ ነው እንዴ የሚያፍረው?» አለችኝ። ጀልባ ልጠራ መሆኔንና ልብሷን እንድታዘጋጅ ነገርኳት። «እሺ የልጄ አክስት፤ ፖካናስን ግን ዓሣህን ራስህ ጥበስ በይልኝ» አለችኝ። በጥድፊያ ስወጣ ደብተሬን እዚያው ቤቷ ረሳሁት።

በመንደራችን ስልክ የሚይዘው የድሮው ጀልባ ማረፊያ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ስልኬ የባሕር ውኃ ገብቶበት ስለነበር ካልጮኸ አይሰማም፤ ስለዚህ የደወልኩት ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ነው። ሰዓቱ 3፡40 ነበር። ማረፊያው ላይ አሥር ያህል ሰዎች ተቀምጠው ቡአይ የሚባለውን አነቃቂ ፍሬ ያኝካሉ። ከመካከላቸው የወንድሜ ሚስት አባትና ሁለት አጎቶቿ ነበሩ።

ለነርስ ሊዲያ ቀይ እንደበራና ጀልባ እንድትልክ ነገርኳት። ማን እንደሆነች ስትጠይቀኝ «የወንድሜ ሚስት» አልኳት።

«አግነስዬ፣ እኔ ያንቺን ወንድም የት አውቄው! ስሟን ንገሪኝ።»

«ያቺ እንኳ... ዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ያለችው።»

«እንዴ፣ የምመዘግበው ሰው ነው ዛፍ? ቁጥሯስ?»

ደብተሩን እንደረሳሁ ስነግራት የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። ክሌመንት ኪሌፓክ የተባለው ጎረቤቴ «ዛሬስ ይቺ ነርስ ጉድሽን አፈላችው» አለኝ። የወንድሜ ሚስት ሽማግሌ አባት ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ነርስ ሊዲያ ትዕግሥት አላጣችም። «በቃ፣ እኔ ከመዝገቡ ላነብልሽ ነው። ስደርስባት አዎ በይኝ። ሮዝመሪ አሉፕ...» አለች።

ከሮዝመሪ ቀጥላ የተመዘገበችው የወንድሜ ሚስት መሆኗን አውቅ ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጤና ጣቢያ ወስጄ ያስመዘገብኳቸው እኔ ነኝ። ስሟ በአባቷና በአጎቶቿ ፊት ከእኔ ስልክ ሊወጣ ነው። «አዎ» አልኩ። «ሮዝመሪ ናት?» አለችኝ። «አዎ አዎ፣ ቶሎ ላኪ» ብዬ ዘጋሁት። ኪሌፓክ «አመለጠች!» ብሎ አጨበጨበ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በወቅቱ ያሰብኩት ጀልባዋ ሁልጊዜ እኔን ለመውሰድ መጀመሪያ ወደ እኛ ዳርቻ ስለምትመጣ ነጂውን ወደ ትክክለኛው ቤት እመራዋለሁ ብዬ ነው። ሮዝመሪ ግን የምትኖረው ሃሙኪ ነው። ነርስ ሊዲያ ጊዜ እንዳይባክን ብላ ጀልባዋን በቀጥታ ወደዚያው ላከቻት። ሰዎቹን ዞር በሉልኝ ማለት እችል ነበር። ራቅ ብዬ መልእክት መጻፍ እችል ነበር። ደብተሩን ለማምጣት አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አንዱንም አላደረግኩም።

ከ4 ሰዓት ጀምሮ ከወንድሜ ሚስት ጋር ዳርቻው ላይ ሆነን ጠበቅን። «ጀልባሽ እንደ ፖካናስ ናት፣ መጣሁ ብላ አትመጣም» እያለች ትቀልድ ነበር። ነዳጅ አልቆባቸው ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ከቀኑ 7፡30 ላይ ዓይኔን ጋረደኝ ስትል ሮጬ ደወልኩ። ነርስ ሊዲያ ጀልባዋ ሮዝመሪን ይዛ ወደ ከተማ ከሄደች ሁለት ሰዓት ማለፉን ነገረችኝ። ተሳስቼ ነው አላልኳትም። «ሌላም ቀይ አለች» ብቻ አልኩ። «ሁለተኛ ጀልባ ከየት አምጥቼ! ታንኳ ፈልጊና ውጡ፣ እኔም መድኃኒት ይዤ ባሕሩ ላይ እቀበላችኋለሁ» አለችኝ።

በጎረቤት ታንኳ ወጣን። 8፡30 ገደማ ያንቀጠቅጣት ጀመር፤ ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ከቀኑ 10 ሰዓት ታንኳው ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጥቂት ቆይታም እጄ ላይ አረፈች። ነርስ ሊዲያ በዓሣ አጥማጆች ታንኳ ደረሰችብን። መዋኘት የማትችል ሴት ናት። ሕፃኗ አትተነፍስም ነበር፤ በአፏ እየነፋች ያተረፈቻት እሷ ናት። ሮዝመሪ በማግስቱ ምንም ሳይገኝባት ከሆስፒታል ተመለሰች።

በጥናቱ ደንብ አንዲት እናት ስትሞት ቅጽ ይሞላል፤ የሚሞላውም የመንደሩ መረጃ ሰብሳቢ ነው። ሜይ 21 ቀን ወንድሜ ፊት ተቀምጬ ቅጹን አነበብኩለት። ምን እንዳዘገየ ይጠይቃል፤ የቤተሰብ ውሳኔ፣ መጓጓዣ፣ ሕክምና የሚሉ ሦስት ሣጥኖች አሉት። ወንድሜ «እኔ በምን አውቄ? አንቺ ነበርሽ እዚያ፣ አንቺው ጻፊው እህቴ» አለኝ። መጓጓዣ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ቅጹ የሚሰበሰበው ሌሎች እናቶች እንዳይሞቱ መሆኑን ለሴቶቹ ስነግር የኖርኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ለአጣሪዎቹ ትክክለኛውን ስም ለነርሷ ተናግሬያለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ። ነርስ ሊዲያ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። «አግነስ፣ አዎ አላልሽኝም?» ስትለኝ መሬት መሬቱን አየሁ። ከሥራ ታገደች። የሟች ወንድሞች አቤቱታ ያቀረቡት በዕለቱ በመንደሩ ስላልነበሩና የእኔን ቃል ስላመኑ ነው። ማረፊያው ላይ የነበሩት ሁሉ ሰምተዋል፤ ነገር ግን ነርሷ የእኛ ሰው ስላልሆነች ማንም አልተናገረላትም። የሟች ሽማግሌ አባት ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ማረፊያው መጥተው አያውቁም። እኔ በስድስቱ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሥልጠና ሰጥቻለሁ፤ ስለ ትክክለኛ መረጃ አስተምሬያለሁ። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ነርስ ሊዲያ ልትከሰስ መሆኑን የሰማሁት ማክሰኞ ዕለት ነው። ትናንት ጠዋት ወንድሜ መረብ ሲጠግን አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ወደ መረቡ እንዳቀረቀረ ጠየቀኝ።

«ስሟን ላለመጥራት ነው?»

«አዎ።»

«ለልጅቷ እስካሁን ስም አላወጣሁም ነበር። የእናቷን ስም ሰጥቻታለሁ። አንቺ ነሽ የምታሳድጊያት። በየቀኑ ትጠሪያታለሽ።»

ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም። ሕፃኗ ከትናንት ጀምሮ እኔ ዘንድ ናት፤ እስከ ዛሬ ጠዋት «አንቺ» እያልኩ ነው የያዝኳት።

ሳጅኑ የሟችንና የሕፃኗን ስም ካልተናገርኩ ቃሌ ሙሉ እንደማይሆን ነገሩኝ። በወረቀት ጽፌ ልስጥ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ኋላ ተውኩት። የሁለቱም ስም ኒያሌ ነው። አጭር ስም ነው። አንድ ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም።

ይህ ቃል ከተጻፈ በኋላ በምሰማው ቋንቋ ተነቦልኛል፤ የተጨመረ የለም፣ የተቀነሰም የለም። ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት ስለሆነ በፍርድ ቤትም ነርስ ሊዲያ ባለችበት እደግመዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ አግነስ ኒ. ፖማት
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ዊሊ ኩማይ (ፊርማ)
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡05