ያልተቃጠለችው ሕፃን

ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ ደረጃው ላይ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ጋር ተገጣጠምን። ሽማግሌው ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከስምንት ወሯ የልጅ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። አንድ ወረቀት በብብታቸው ይዘዋል።

«ወዴት ነው በጠዋቱ፣ ጋሼ?»

«ፖሊስ ጣቢያ፣ ክሴን ጽፌ! ምራቴ ሕፃኗን በፈላ ውሃ እያቃጠለቻት ነው። ተረከዟም መዳፏም ውሃ ቋጥሯል። ልጅቷን ተቀብዬ እሷን ከቤቴ አስወጣለሁ።»

ደሜ ፈላ። እኔ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ምራታቸው የሕፃኗን የምርመራ ውጤት ትናንት እያለቀሰች አስነብባኛለች። ለእሳቸውም ሰጥታቸው ነበር፤ ሳያነቡ ወረወሩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ግፍ ነው! ሕፃኗ የቆዳ በሽታ ነው ያለባት» አልኳቸው። «ሰውነታችን የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ሕዋሶች ነው። እያንዳንዱ ሕዋስም የራሱ አፅም አለው።»

«በዓይን በማይታይ ነገር ውስጥ አጥንት? በይ አትቀልጂብኝ!»

«አጥንት አይደለም፤ ክር ነው። ሦስት ዓይነት ነው። ቀጫጭኖቹ ሕዋሱ ቅርፁን እንዲለውጥና እንዲንቀሳቀስ ያደርጉታል። ቱቦ የሚመስሉት ውስጥ ለውስጥ ዕቃ የሚመላለስባቸው መንገዶች ናቸው፤ ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈልም የዘር ውርሱን ጎትተው ያካፍላሉ። እነዚህ ሁለቱ ቶሎ ቶሎ ይሠራሉ፣ ይፈርሳሉ። ሦስተኛዎቹ ግን እንደ ገመድ ጠንካሮች ናቸው፤ ቆዳ ሲታሽ እንዳይቀደድ ይይዛሉ። ሕፃኗ ላይ ደካማ የሆነው ይሄኛው ነው። ትንሽ ነገር ሲነካት ሕዋሱ ይቀደድና ቦታው ውሃ ይቋጥራል።»

«እኔ ቆዳዋ እንዲጠነክር ብዬ ጠዋት ጠዋት በሻካራ ፎጣ የማሻትስ?»

«እሱ ነዋ የሚልጣት!»

ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ከላይ በሩን ከፈተ። ታላቅ ሰው ላይ መጮሄ ግን ቅንጣት አላሳፈረኝም።

«በሽታ ከሆነ ከየት መጣ?» አሉ እልህ ይዟቸው። «በእኛ ዘር የለም።»

«ብዙ ጊዜ ከወላጅ ይወረሳል። እናትየው ጤነኛ ናት። ልጅዎስ? ሕፃን ሳለ እግሩ አይላጥም ነበር?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ይላጥ ነበር። ጫማ ባደረገ ቁጥር። እናቱን አቃጠልሽው ብዬ፣ ልጁን ቀምቼ አስወጣኋት። ስትሞት እንኳ አልቀበርኳት።»

ላዝንላቸው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ንዴቴ ባሰብኝ እንጂ። ያቺ ሴት ባልሠራችው ጥፋት ከልጇ ተለይታ ሞታለች፤ ዛሬ ሁለተኛዋ ተራ ደርሷት ነበር።

«አሁን ምን ላድርግ?» አሉኝ።

«ፎጣውን ይጣሉት። ልብሷን ከለስላሳ ጥጥ፣ ሰፋ አድርገው፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አውጥተው ይስፉላት። ሙቀት አይብዛባት። ውሃ የቋጠረውን ክሊኒክ ውስጥ በንጹሕ መርፌ በስተው ያፈሱላታል። ክሩን የሚጠግን መድኃኒት የለንም፤ ቁስሏ ግን ይቀንሳል፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ትድሃለች፣ ትጫወታለች። ስታድግም ሊቀልላት ይችላል።»

የክሱን ወረቀት ቀደዱና ወደ ላይ ወጡ፤ ተከተልኳቸው። የገዛ ቤታቸውን በር አንኳኩ። ምራታቸው ከፍታ ስታያቸው ሕፃኗን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ልወስዳት አይደለም፣ ልጄ» አሉ፤ የልብስ መለኪያቸውን ከኪሳቸው እያወጡ። «ልለካት ነው።»

«ሳይነኳት ይለኩ» አለቻቸው።