የዘርፌ መጨረሻ

(አዲስ አበባ፣ አንድ ማተሚያ ቤት። ደራሲዋ ወይዘሮ እልፍነሽ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ የሚታተመውን ልቦለዳቸውን የመጨረሻ ማረሚያ ይዘዋል፤ አሳታሚው አቶ ላቀው እስክሪብቶ አቀብለዋቸዋል።)

ላቀው፦ «ይታተም» ብለው ይፈርሙ ነው ያልኩት እንጂ እንደገና ይጻፉ አላልኩም። ማሽኑ እኛን እየጠበቀ ነው።

እልፍነሽ፦ ይጠብቅ። የመጨረሻው ምዕራፍ የእኔ አይደለም።

ላቀው፦ እንግዲህ ተጀመረ! ሽፋኑ ላይ ያለው የማን ስም ነው?

እልፍነሽ፦ ስሙማ የእኔ ነው። እኔ የጻፍኩት ግን ዘርፌ ባሏን ጥላ በድሬዳዋ ባቡር ስትሄድ ነው። ከጣቢያው በር መልሰው ወደ ቤቷ የሰደዷት እርስዎ ነዎት፣ ጓድ ላቀው።

ላቀው፦ ጓድ የሚባል ነገር ቀርቷል።

እልፍነሽ፦ ምዕራፉ መች ቀረ?

ላቀው፦ ሳንሱር ማድረግ ሥራዬ ነበር። ትዳር የሚያፈርስ መጽሐፍ ባሳልፍ እኔን ማን ይምረኝ ነበር? ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ አንባቢ ያለቀሰው በዚያ ምዕራፍ ነው። ዛሬም «ዘርፌ የተመለሰችበት መጽሐፍ» እያሉ ነው የሚጠይቁኝ።

እልፍነሽ፦ እኔንም በየሄድኩበት «እንዴት ብትጽፊው ነው?» ይሉኛል። ሰው እንዳላስቀይም አመሰግናለሁ እላለሁ። ሰለቸኝ! አስጠላኝ!

ላቀው፦ ቢያደንቁዎት ምን ይጎዳል?

እልፍነሽ፦ አንዲት ሴት ለቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጣ አወራችኝ። ልብሷን በፌስታል ቋጥራ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዳ ነበር። እዚያ ቁጭ ብላ መጽሐፌን ጨረሰች። «ዘርፌ ከቻለች እኔም እችላለሁ» ብላ ወደ ባሏ ተመለሰች። ይህን ስትነግረኝ አፏን በእጇ ሸፍና ነው። የፊት ጥርሶቿ የሉም።

ላቀው፦ እሱ የባሏ ጥፋት ነው። ልቦለድ ሰው አይመታም።

እልፍነሽ፦ እስከ መቺው ቤት ግን ይሸኛል።

ላቀው፦ ይስሙኝ፣ ወይዘሮ፤ ዘርፌ ከሄደች መጽሐፉ አይሸጥም። ውሉም «መጀመሪያ እንደታተመው» ይላል።

እልፍነሽ፦ ደራሲዋ ሳትፈርም አይታተምም ይላል።

ላቀው፦ ልጅ አይሁኑ!

እልፍነሽ፦ ያኔም «ልጅ አትሁኚ» ብለውኝ ነበር። እርስዎ ተቀምጠው፣ እኔ ቆሜ። «ይታተም» የምትል አንዲት ቃል ለማግኘት ስንት ጊዜ ደጅ ጠናሁ! ዛሬ እስክሪብቶው እኔ ጋ ነው።

ላቀው፦ ይኸው! ነገሩ ቂም ነው።

እልፍነሽ፦ አዎ፣ ቂም ነው። ምን ይሁን?

ላቀው፦ ቢያምኑም ባያምኑም ያ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጣል! እንባዬ እየወረደ ነው የጻፍኩት!

እልፍነሽ፦ እንደሱ ከሆነ እሺ፣ ይታተም።

ላቀው፦ እግዜር ይስጥልኝ! እዚህ ጋ፣ ከታች ይፈርሙ።

እልፍነሽ፦ ይቆዩ። ከምዕራፉ በላይ አንድ መስመር ልጨምር፤ «ይህን ምዕራፍ የጻፉት፣ ያኔ መጽሐፉን ሳንሱር ያደረጉት አቶ ላቀው ናቸው።»

ላቀው፦ ምን?

እልፍነሽ፦ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለ ባለቤት ይቅር እንዴ? አንባቢ እርስዎን ያመስግን እንጂ።

ላቀው፦ ልጆቼ እኮ ሳንሱር አድራጊ እንደነበርኩ አያውቁም! የማሳትማቸው ደራሲዎችስ ምን ይሉኛል?

እልፍነሽ፦ እኔ ምን አውቄ። «አመሰግናለሁ» ማለት ይልመዱ። ይኸው፣ ልጽፈው ነው።

ላቀው፦ ተዪ! እስክሪብቶውን አስቀምጪ አልኩሽ!

እልፍነሽ፦ «አንቺ» ተመለሰች ደግሞ! ስምዎ ይውጣ ወይስ ዘርፌ ትሂድ?

ላቀው፦ ትሂድ። ባቡሯ ላይ ትውጣና ትሂድ!